ሰዓቱን ሳይቀር የቆለፈው ሰው

የቴሌቪዥኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ጠርዙ አቧራ ይዞ የጠቆረ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ተራ ፕላስተር ነው። ወደዚያች ሳሎን የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ መስሎት ጠጋ ብሎ ያያል፤ መስታወቱ ግን ደህና ነው። ታዲያ ቴሌቪዥን ምኑ ቆስሎ ነው?

ከፕላስተሩ ሥር ያለችው አንዲት ትንሽ ቀይ ጓጉንቸር ናት። ሪሲቨሩ ውስጥ የተቀዳ ዝግጅት በተከፈተ ቁጥር ብቅ ትላለች። «እዚሁ ቁጭ ብለህ እየው፤ ገልብጠህ ልውሰድ ካልክ ግን አንተን አያድርገኝ» ማለቷ ነው። ከቴሌቪዥኑ በላይ ደግሞ በመስታወት የተከበበ የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል። ወረቀቱ ለቤቱ ባለቤት ወንድም የተሰጠ ነው። ጓጉንቸሯንም እዚያ ያስቀመጣት ይኸው ወንድሟ ነው። እሷ ይህን አታውቅም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር። እናም ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣ፣ ከወረቀቱ ሥር፣ ከፕላስተሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ኖረ።

«ሻዩ በየት በኩል እንደወረደልኝ እንጃ» ይላል ዛሬ።

ሰውዬው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቴክኒሺያን ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ባልደረቦቹ «ቆላፊው» ይሉታል። እህቱ ግን ራሰ በራ ሆኖ፣ ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ደርሶም «ማሙሽ» ነው የምትለው። የሚሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ግድግዳው በሙሉ ስክሪን ነው፤ በአንዱ ዜና አንባቢ፣ በአንዱ ዝናብ የሚያመለክት ካርታ፣ በአንዱ የሚዘሉ ሕፃናት። የሁሉም ፊት እዚያ ክፍል ሲደርስ ቁጥር ይሆንና ከክር በቀጠነ ሽቦ ሮጦ፣ ተራራ ላይ ካለው ምሰሶ ተነሥቶ፣ የሚሊዮን ሰው ሳሎን ውስጥ እንደገና ፊት ይሆናል። ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት አይቶትም አልለመደውም።

የቁልፉ ነገር የመጣው ከዲጂታሉ ጋር ነው። ድሮ ሥርጭት እንደ ዝናብ ነበር፤ ዕቃ ያለው ይቀዳል፣ የሌለው ያያል። ዲጂታሉ ሲመጣ ከሥዕሉ ጋር አንዲት የማትታይ ምልክት አብራ መጓዝ ጀመረች። ተመልካች አያያትም፤ ሪሲቨር ግን ያነባታል። «ይገለበጥ» ካለች ይገለበጣል፣ «አይገለበጥ» ካለች ዝግጅቱ የተቀዳበት ሪሲቨር ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞታል። ምልክቷን የፈለጉት ፊልም ሻጮች ነበሩ። «ፊልማችን በእናንተ በኩል የሚያልፈው ማንም እንዳይገለብጠው ከቆለፋችሁት ብቻ ነው» አሉ። ጣቢያው ፈረመ። በሳምንት ስድስት ሰዓት ፊልም ነው፤ የተቀረው የጣቢያው የራሱ፣ ማለትም የሕዝቡ ነው። የእሱ ሥራ ቀላል ነበር፦ በዕለቱ የዝግጅት ዝርዝር ላይ በፊልሞቹ ትይዩ «ይቆለፍ» ከሚለው ሥር ምልክት ማድረግ።

አንድ ቅዳሜ ረሳው።

ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆለፍ ወጣ። ሦስት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ስብሰባ ተጠራና መሐል ላይ አቆሙት። «ያን ቀን ከወንበር ላይ የወደቅሁት ተቀምጬ አልነበረም፤ ቆሜ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ አንድ የሊቅ መፍትሔ አገኘ። የሊቅ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል። ዝርዝሩን በተቃራኒው አዞረው፤ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በራሱ የተቆለፈ ይሆናል፣ ይከፈት የሚል ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዝግጅት ምልክት አድርጎ ይፈርማል።

ይከፈት ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ማን ይፈርማል? ዜናው ተቆለፈ። የአየር ጠባዩ ተቆለፈ። የልጆች ሰዓት ተቆለፈ። «የጠፋ ሰው ያያችሁ» የሚለው ማስታወቂያ እንኳ ተቆለፈ፤ የጠፋውን ሰው ፎቶ ለጎረቤት ላሳይ ያለ ሁሉ ቀይ ጓጉንቸር አየ። ጠዋት ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት የምትታየዋ፣ ቀጭን እጅዋን እያዞረች ደቂቃ የምትቆጥረዋ ሰዓትም ተቆለፈች።

«ሰዓት ሰርቆ የት ይገባል?» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። «ግን ቆለፍኳታ!»

አሥራ አራት አንቀጽ ያለው ደንብም ጻፈለት። አንቀጽ ዘጠኝ፣ «ይህ ደንብ የሚለወጠው የስድስት ወር ጥናት ተደርጎ፣ በኮሚቴ ሲጸድቅ ብቻ ነው» ይላል። አንቀጽ ዘጠኝን ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ሊስማት ምንም አልቀረው። ጣቢያው የምስጋና ወረቀት ሰጠው። እሱ ቤት ግድግዳው እርጥበት ስላለው፣ እህቱ «አምጣው እኔ ዘንድ ይሰቀል» አለችና ከቴሌቪዥኗ በላይ ሰቀለችው። ያኔ ገና ድምፅ ነበራት።

ድምፅስ ተብሎ! እህቱ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ መንገደኛ ስትጠራ የኖረች ናት። «አሥራ ሁለት ቁጥር፣ በር ሦስት፣ የመጨረሻ ጥሪ!» ስትል፣ ሻንጣውን የረሳ ያስታውሳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ያረፈደ ክንፍ ያወጣል። መልኳን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፅዋን የማያውቅ ግን አልነበረም። ጡረታ በወጣች ሳምንት የጣቢያው የጠዋት ዝግጅት እንግዳ አድርጎ አቀረባት። አሥራ አንድ ደቂቃ። በቀጥታ።

ከዚያ በስድስተኛው ወር ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪሞቹ እሷን አተረፉ፤ ድምፅዋን ግን ወሰዱት።

የዕለት ተዕለት ድምፅ ማን ይቀዳል? ነገም የሚሰማ የመሰለውን ነገር የሚቀዳ የለም። መናኸሪያው እሷ ከወጣች በኋላ የማሽን ድምፅ አስገባ። የእሷ ድምፅ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያን ጠዋት ልጅዋ በቤታቸው ሪሲቨር ላይ የቀዳችው አሥራ አንድ ደቂቃ። እህቱ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ትከፍተዋለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ስትናገር ሶፋው ላይ ያለችው ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እሱ ካለ፣ ልክ ሪሞቱን ስታነሣ ስልክ ይደወልለታል። ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል። ማንም ደውሎ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ግን እውነተኛ ስልክ ተደወለ። የእህቱ ልጅ ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ።

«ጋሼ፣ ሪሲቨሩ ጠቅ ጠቅ ይላል።»

«ምን ዓይነት ጠቅ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስላል። ይሞቃል። ትናንት ሦስቴ አጥፍተን አበራነው። የእማዬን ነገር በፍላሽ ገልብጥልን፤ ልጄ የአያቷን ድምፅ ሳትሰማ እንዳትቀር።»

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» አላት።

ይህን ሲያስታውስ መዳፉን ግንባሩ ላይ ያሳርፋል። ቁልፉን በገዛ እጁ ያስቀመጠ ሰው «የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» አለ! ሥራውና ቤተሰቡ በልቡ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ፤ በመሐላቸው በር ያለ አልመሰለውም።

እሑድ ፍላሹን ሰካ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ «ባለመብቱ ይህን ዝግጅት መገልበጥ አልፈቀደም።»

«ባለመብቱ ማነው ደግሞ?» አለች የእህቱ ልጅ፣ እጅዋን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እማዬ አይደለችም እንዴ? ድምፁ የሷ!»

«አይ፣ እሱ… የቴክኒክ ነገር ነው።»

«ታዲያ አንተ ቴክኒሺያን አይደለህ?»

እህቱ ድምፅዋን ካጣች ወዲህ በሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነው የምትነጋገረው። በጉልበቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ይዛ ፕላስተሩን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው፣ ከዚያ ሻይ ልትቀዳ ተነሣች።

ሰኞ በጠዋት ወደ ጣቢያው መዝገብ ቤት ወረደ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ሰማችው።

«የጠዋት ዝግጅት? በቀጥታ የወጣ?» አለች። «ዘጠና ቀን ነው የምናስቀምጠው። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። አላወቅህም?»

«አላወቅሁም።»

«ቦታ የለንማ! ደግሞ ሰው በቤቱ ይቀዳው የለ፣ ብለን።» ወዲያው ያለችው ገባትና አፏን በእጅዋ ያዘች። «ውይ! ቆላፊው እኮ አንተ ነህ!»

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነም። እሱም ሳቀ።

ማክሰኞ ሪሲቨሩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ዲስኩን ከሌላ ሪሲቨር ጋር አገናኘው፤ አልከፈት አለ። በሽቦ አውጥቶ ሊቀዳው ሞከረ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አንድ ሰዓት ከታገለ በኋላ ላቡን ጠረገ።

«ዲስኩ ሊሞት ነው ጋሼ፤ ማብራት ማጥፋቱን አታብዙበት። ቁልፉ ደግሞ ለጉድ ነው። እንዲያው ይሄን የቆለፈው ሰውዬ እናቱንም የሚያምን አይመስለኝም።»

«እናቱንስ ያምናል» አለ እሱ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ያውቁታል እንዴ?»

«በዓይን።»

ሪሲቨሩን መልሶ በፎጣው ጠቀለለና ወጣ። መንገድ ላይ ከየሱቁ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም የእሱ ጣቢያ ነው። አንዲት ሕፃን ትዘፍናለች፣ አንድ ገበሬ ስለ ንብ ያወራል። በአጠገባቸው ሲያልፍ በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ ያቺ ቀይ ጓጉንቸር ተንጠልጥላ ታየችው። ስንት ሰው ቤት፣ ስንት ፕላስተር ይኖር ይሆን?

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ ቴሌቪዥኑን ራሱን መቅረጽ። የሠላሳ አንድ ዓመት ባለሙያ፣ ምሰሶና ሳተላይት ሲያገናኝ የኖረ ሰው፣ እንደማንኛውም የሠርግ ታዳሚ ስልክ ዘርግቶ ሊቆም ነው። በልምምድ ጊዜ የጣቱ ጥላ ሥዕሉ ላይ ወደቀ። ሁለተኛ ሲሞክር ስልኩን አጣሞ ያዘና የእህቱ ልጅ «ጋሼ፣ ሁሉም በአንድ በኩል ሊንሸራተቱ ነው» አለችው። በመጨረሻ ስልኩን በመጻሕፍት መሐል አጣብቆ አቆመው፣ በላስቲክ አሠረው።

ከዚያ ትእዛዝ ጀመረ። ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀል፤ ያጉረመርማል። መስኮቱ ይዘጋ። የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ይውጣ። ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ጨርቅ ይጠምጠምበት።

«ማንም እንዳይተነፍስ!» አለ።

«ሆዴ ውስጥ ያለችውስ?» አለች የእህቱ ልጅ።

«ለሷም ንገሪያት።»

እህቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ትስቅ ነበር። ሪሲቨሩ ተከፈተ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ከዚያ ጸጥ። ሥዕሉ መጣ።

ከስድስት ዓመት በፊት የነበረችው እህቱ፣ ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጣለች። ያን ጠዋት እሱ ተረኛ ነበር። ግን በሥርጭት ክፍል ሰው ሲናገር የሚሰማው ብዙ የለም፤ ድምፁ አለ የለም የሚለውን መርፌ ነው የሚያዩት። የእህቱ ድምፅ አረንጓዴ መርፌ እያዘለለ ሲያልፍ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ጽፏል። ምን እንዳለች አልሰማም። በኋላም በረንዳ ላይ ነበር።

አሁን በረንዳ የለም። ሰማ።

አዘጋጇ ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት፤ መለሰች። «እስቲ አንድ ጊዜ ጥሪልን» አለቻት። ጠራች። «አሥራ ሁለት ቁጥር፣ በር ሦስት፣ የመጨረሻ ጥሪ!» ድምፅዋ ሳሎኑን ሞላው፤ የመደርደሪያው ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ የሰማ መሰለው። የእህቱ ልጅ ሆዷን ያዘች። ከዚያ አዘጋጇ፣ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ «ከእንግዲህ ድምፅሽን ከየት እንሰማለን?» አለቻት።

ስክሪኑ ላይ ያለችው እህቱ ሳቀች።

«ምን ችግር አለ? ወንድሜ እዚሁ እናንተ ዘንድ ነው የሚሠራው። ማሙሽ ዕቃ አይጠፋበትም። ልጅ ሆኖ የወለቀውን ጥርሱን ሳይቀር ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ ነበር። እሱ እያለ ድምፄ የትም አይሄድም።»

ማንም እንዳይተነፍስ ያዘዘው ሰው አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ሳል ነው። ቀጥሎ የወጣው እንደ በር ሲጢጥ የሚል ነገር ነው፤ የሰው ድምፅ ነው ለማለት ይከብዳል። ከዚያ፣ ስልኩ እየቀዳ፣ ጮክ ብሎ፣ «እትዬ፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩት!» አለ።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ስለ ሻንጣ ማውራቷን ቀጠለች። አሥራ አንዱ ደቂቃ አለቀ። የእህቱ ልጅ ስልኩን አነሣች።

«ጋሼ! አበላሸኸው! እንደገና እንቅዳ?»

ጠጋኙ ያለውን አስታወሰ። «አይሆንም፤ ቢሞትብንስ?» አለ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «እሱን ቦታ ቁረጪው። እኔን ቁረጪኝ።»

እህቱ እጅዋን ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ስሙኝ ስትል እንደዚህ ነው። ሰሌዳዋ ላይ ጻፈችና አዞረችለት።

«አይቆረጥም።»

አጠፋችና እንደገና ጻፈች። «አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

በጠቋሚ ጣቷ ወደ ምስጋናው ወረቀት አመለከተች። እሱ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ«ላሳዩት ከፍተኛ ጥንቃቄ» በታች ያለውን አንብቦት አያውቅም። ተነሥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ አነበበው፦ «የጣቢያው ዝግጅቶች በሙሉ እንዳይገለበጡ በመቆለፍ…» ይላል። በደማቅ ቀለም። ፊርማና ማኅተም አለው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ስትጽፍ ቆየች። ብዕሯ ሰሌዳው ላይ ሲንቋቋ ብቻ ይሰማል።

«ጓጉንቸሯን ባየህ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እንዳታያት ብዬ ነው።»

ይህን ሲያወራ እዚህ ጋ ያቆማል። እሱ ከእህቱ ሲደበቅ፣ እህቱ እሱን ከራሱ ስትደብቀው ስድስት ዓመት። ሻዩም በየት በኩል እንደወረደ የገባው ያኔ ነው፤ እሷ እየገፋችለት ነበር።

ከዚያ ሰሌዳውን ጠርጋ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች። «የሌላው ሰውስ?»

ሪሲቨሩ ወዲያው አልሞተም። ሁለት ሳምንት ጥርሱን ሲያፋጭ ቆይቶ አንድ ማክሰኞ ቀን ዝም አለ። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ተወለደች። አሁን ስታለቅስ ስልኩን ይከፍቱላታል፤ «የመጨረሻ ጥሪ!» ሲል ትሰማና ዝም ትላለች። እሱ ያሳለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ትስቃለች ይባላል። እሱ ግን አላመነም።

«የሌላው ሰውስ» ላለችው ደግሞ ሰኞ ዕለት ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ሰው አክባሪ ነው።

«ፊልሞቹ ብቻ ይቆለፉ፤ የራሳችን ይከፈት» አለው።

«ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ደንብ አለ።» መሳቢያውን ከፍቶ አሥራ አራቱን አንቀጽ አወጣ። «አንቀጽ ዘጠኝ። ስድስት ወር ጥናት፣ ከዚያ ኮሚቴ። ማን እንደጻፈው እንጃ እንጂ ማምለጫ ቀዳዳ የለውም።»

«ቀዳዳ የለውም» አለ እሱ። ትንሽ ኩራት እንደተሰማው አይክድም።

ጥናቱ ተጀምሯል። እስከዚያ ድረስ ደንቡ የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዝግጅት «ይከፈት» ከሚለው ሥር ምልክት አድርጎ መፈረም። በቀን አርባ ሦስት ዝግጅት አለ። ፊልም በሌለበት ቀን አርባ ሦስቴም ይፈርማል፤ ፊልም ካለ ይዘለዋል። ዜናን ይከፍታል፣ አየር ጠባይን ይከፍታል፣ የጠፉ ሰዎችን ይከፍታል። ተረኛ ባልሆነበት ቀን እንኳ ለመፈረም ይመጣል። ዝርዝሩ ቀድሞ አይደርሰውም፤ ከእያንዳንዱ ዝግጅት ሩብ ሰዓት በፊት ነው መፈረም ያለበት። ይህም አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ አለ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ባልደረቦቹ አሁን «ከፋቹ» ሊሉት ሞክረው አልያዘላቸውም፤ ቆላፊው እንደሆነ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ የሚያወራው በጣቢያው ሻይ ቤት፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ነው። ታሪኩን ሊጽፍ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው አንድ ጥያቄ ቀርቶታል፦ ጠዋት ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት የምትታየዋ ሰዓትስ?

«እሷን ነው መጀመሪያ የምከፍታት» አለ። «ማንም አይቀዳትም፤ አውቃለሁ። ግን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሻዩ ግማሽ ላይ ነው። ድንገት ከወንበሩ ተነሣ፤ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣና ክዳኗን በጥርሱ ነቀለ።

«የልጆች ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀረው» አለ፣ ክዳኗ በጥርሱ መሐል እንዳለች። ደህና ዋል ሳይል ብዕሩን እንደ ሻማ ከፊቱ ይዞ በረጅሙ ኮሪደር ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።